እንደ ሌሎቹ አይደለሽም

ዛሬ፣ እዚህ እስራኤል ውስጥ፣ የክፍላችን የነርሶች ኃላፊ መሆኔ ተነገረ። ኬክ ተቆረሰ፣ ተጨበጨበ፣ እኔም በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ለዓመታት አብራኝ የሠራች፣ ከልቤ የምወዳት ባልደረባዬ አቀፈችኝና "ይገባሻል፤ አንቺ እኮ እንደ ሌሎቹ ኢትዮጵያውያን አይደለሽም" አለችኝ። ማመስገኗ ነው። ፈገግ አልኩ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኗል፣ ያ ፈገግታዬ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ሌሎቹ እነማን ናቸው? እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላዊ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በ36 ሰዓት ሲጓጓዝ፣ የሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ አዝሎኝ አውሮፕላኑ ውስጥ የገባው አባዬ ነው? ወይስ የሰው ሕንፃ ደረጃ እየወለወለች ያስተማረችኝ እማዬ? እኔ እኮ የነሱ ልፋት ነኝ።

ለእስራኤል የሚሮጠው ማሩ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ2023 ቡዳፔስት ላይ በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ሁለተኛ ሲወጣ በሥራ ቦታዬ ሁሉም "የኛ ልጅ" አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ፖሊስ ወታደሩን ልጃችንን ሲደበድብ በቪዲዮ ታይቶ ወጣቶቻችን አደባባይ ሲወጡ ግን እነዚያው ሰዎች "ኢትዮጵያውያኑ ምን ሆነው ነው?" ብለው ይጠይቁኝ ነበር።

ከሁሉም የሚከነክነኝ የደሙ ነገር ነው፣ ምናልባት ሥራዬ ስለሆነ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1996 የኛ ሰው የለገሰው ደም በድብቅ ሲጣል እንደነበር ሲታወቅ አባዬ ኢየሩሳሌም ሰልፍ ወጥቶ፣ ዓይኑ በአስለቃሽ ጭስ ቀልቶ ተመለሰ። "እኔም ሰጥቼ ነበር እኮ" አለ፣ ሌላ ቃል አልወጣውም። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ፕኒና ታማኖ ሻታ፣ የክኔሴት (የእስራኤል ፓርላማ) አባል ሆና፣ እዚያው ክኔሴት ውስጥ ደም ልስጥ ብትል ኢትዮጵያ ስለተወለድሽ አይሆንም ተባለች። በሦስት ዓመቷ የመጣች ሴት ናት! እኔ ያኔ አዲስ ነርስ ነበርኩ። ለታካሚ የደም ከረጢት እሰቅል ነበር፣ የኔ ደም ግን አይፈለግም ነበር።

የራሳችን ሰዎችም አልተዉኝም፣ አክስቴ "ፈረንጅ ሆንሽ" ትለኛለች። እሱን እችለዋለሁ፣ ፍቅር አለበት።

ማታ ለእማዬ ስደውልላት እልል አለች። ቆይታ ደግሞ "ከኛ ልጆች ስንቱ አብሮሽ አለ?" አለችኝ። ሁለት አልኳት። ዝም አለች።

ነገ ጠዋት ከባልደረባዬ ጋር አንድ ፈረቃ ነን። ቡና ይዤላት እሄድና ስለ አባዬ ደም እነግራታለሁ፣ ከዚያ ስለ እማዬ ደረጃ።