መኪና ማቆም የተማርኩበት ፈተና

ሰሞኑን ሦስት ልጆች በተለያየ ቀን ደውለው አንድ አይነት ጥያቄ ጠየቁኝ፣ «ሲዲኤል ላውጣ ወይስ እንዳንተ መካኒክነቱ ይሻለኛል?» ነው የሚሉት። ስለ ሲዲኤሉ፣ ማለትም ስለ ከባድ መኪና መንጃ ፈቃዱ፣ ምንም ማለት አልችልም፣ ትራክ ከሚነዱት ጓደኞቼ ገሚሱ ቤት ገዝቷል ገሚሱ ወገቡን ይዞ ያማርራል፣ ስለኔ ስራ ግን በየስልኩ ያንኑ ከምደጋግም አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

ስራዬ የእሳት አደጋ መኪናና አምቡላንስ መጠገን ነው፣ ዲሲ አካባቢ ባለ አንድ ካውንቲ ጋራዥ ውስጥ። ይሄን ስል ሰው ወይ ዘይት ቀያሪ ያደርገኛል ወይ እሳት አጥፊ። ባለፈው አንድ ሰርግ ላይ የባለቤቴ አክስት እጄን ያዝ አርገው «አደራ ልጄ፣ እሳቱ ውስጥ ስትገባ ቀስ በል፣ ልጆች አሉህ» ብለው መከሩኝ። እሺ እማማ አልኳቸው፣ ምን ልበል።

ለዚህ ስራ ለብቻው የተዘጋጀ ሰርተፍኬት አለ፣ ኢቪቲ ነው የሚባለው። የመንግስት ላይሰንስ አይደለም፣ ካልያዝክ አትሰራም የሚል የፌደራል ህግ የለም፣ ግን ቀጣሪው ሊጠይቅህ ይችላል፣ አንዳንዱ ጋር ደሞዝም ይጨምራል። በፊደል ነው የተከፋፈለው፣ ኤፍ የእሳት አደጋ መኪና ነው፣ ኢ አምቡላንስ፣ ኤል የፖሊስ መኪና። ከኤፍ ውስጥ ደግሞ ኤፍ-1 ጥገናና ምርመራ፣ ኤፍ-2 አሰራሩና ስታንዳርዱ፣ ኤፍ-3 ፓምፕ፣ ኤፍ-4 ኤሌክትሪክ፣ ኤፍ-5 መሰላል፣ ኤፍ-6 የአሊሰን ካምቢዮ እያለ ይሄዳል። ታዲያ እነዚህን ብቻ አልፈህ ደረጃ አይሰጡህም፣ ኤኤስኢ የሚባለው ከ1972 ጀምሮ ያለው የመካኒኮች ፈተና ድርጅት የሚሰጣቸውን የከባድ መኪና ፈተናዎችም አብረህ ማለፍ አለብህ፣ ቲ-2 ናፍጣ ሞተር፣ ቲ-4 ፍሬን፣ ቲ-5 መሪና ባሌስትራ ምናምን። ሁለቱ ተደምረው ነው ደረጃ አንድ፣ ደረጃ ሁለት፣ ከዛ ማስተር የምትባለው። በዛ ላይ በየ5 ዓመቱ ይቃጠላል፣ እንደገና ትፈተናለህ።

የኤኤስኢ ጥያቄ አቀራረቡን ካላወቅክ ስራውን እያወቅክ ትወድቃለህ። «ቴክኒሻን ኤ እንዲህ ይላል። ቴክኒሻን ቢ እንዲህ ይላል። ትክክል የሆነው ማን ነው? ኤ ብቻ፣ ቢ ብቻ፣ ሁለቱም፣ ሁለቱም አይደሉም።» እነዚህን ሁለት ሰዎች በህልሜ ሁሉ አይቻቸዋለሁ፣ የተጣሉ መካኒኮች ለማስታረቅ የተቀመጥኩ የሰፈር ሽማግሌ ነው የምመስለው። ሌላው ደግሞ «ከሚከተሉት በስተቀር» የሚለው ነው፣ አራቱንም እያነበብክ እውነት ነው እውነት ነው ስትል የመጀመሪያውን እውነት መርጠህ ታልፋለህ። እንግሊዝኛ እንደኛ በኋላ ለመጣበት ሰው እቺ «በስተቀር» ብዙ ነጥብ ትበላለች።

ግን እኔን ያስቸገረኝ እንግሊዝኛው ብቻ አልነበረም፣ ልማዱ ራሱ ነው። እኔ ስራ የተማርኩት መርካቶ አጠገብ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው፣ ከረዳትነት ጀምሬ። ዋናው መካኒክ ጋሼ ነበር የምንላቸው፣ ዕቃ ሲጠፋ ሶማሌ ተራ ልከውን እዛም ካጣን ይፈጥሩታል፣ ሌላ አማራጭ የለም። ጓርኒሲዮን፣ በሁለት ብረት መሃል ገብቶ እንዳያፈስ የሚዘጋውን፣ ከጎማ ካላማዳሪ በመቀስ ቆርጠው ሲሰሩ አይቻለሁ፣ እና ይሰራል! ስዊች ሲበላሽ «ዳይሬክት አርገው» ነው የሚሉኝ፣ ሁለቱን ሽቦ አገናኝቼ ስዊቹን እንደሌለ መዝለል ማለት ነው፣ መኪናው ይነሳል፣ ባለመኪናው ይመርቃል፣ ሻይ ይጋብዛል። መኪና ያላስነሳ መካኒክ መካኒክ አይደለም እዛ ቤት። አሁንም በዛ አላፍርም፣ ዕቃው በዶላር ተገዝቶ ወር ቆይቶ በሚመጣበት አገር እንደዛ ባይሰራ ግማሹ ከተማ በእግሩ ነበር የሚሄደው።

ይሄን ልማድ ይዤ ነው እዚህ የገባሁት። በገባሁ በጥቂት ወር ውስጥ አንድ እሳት አደጋ መኪና መጣ፣ ችግሩ ከጎኑ ካለው የፓምፕ ፓነል ላይ ሲሞክሩት ሞተሩ ነዳጅ አይቀበልም፣ ከፍ በል ሲሉት ዝም ይላል። ሽቦውን ተከትዬ ተከትዬ አገኘሁት፣ የእጅ ፍሬን መያዙን የምታረጋግጥ አንዲት ትንሽ ስዊች ናት የሞተችው። ዕቃው ሼልፍ ላይ የለም፣ ነገ ይመጣል አሉ። እኔም ደስ ብሎኝ ዛሬ እናስወጣዋለን፣ ዳይሬክት ላርገው አልኩ፣ ማለቴ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ያንን የሚመስል ነገር አልኩ።

አብሮኝ የሚሰራው ሽማግሌ ምንም አልተናገረኝም። ክንዴን ይዞ ወስዶ ፓነሉ ፊት አቆመኝ። «የት ነው የቆምከው?» አለኝ። መኪናው አጠገብ አልኩት። «ከምኑ አጠገብ?» ጎንበስ ብዬ ሳይ የኋላ ጎማው አጠገብ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙዎቹ ትላልቅ እሳት አደጋ መኪናዎች ላይ ፓምፑን የሚያዞረው ያው መኪናውን የሚነዳው ሞተር ነው። ሹፌሩ ቆሞ የእጅ ፍሬን ይይዛል፣ ከዛ ኃይሉን ከጎማ ወደ ፓምፕ የሚያዞረውን ማርሽ ያስገባል፣ ካምቢዮውን ደግሞ ድራይቭ ላይ ያደርገዋል፣ አዎ ድራይቭ ላይ። ከዛ ወርዶ ጎን ላይ ያለው ፓነል ጋ ይቆምና ነዳጁን ከዛ ይጨምራል። ያ ማርሽ በትክክል ሳይገባ ቢቀር ኃይሉ ያለው ጎማው ላይ ነው፣ ሰውየው ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ያ ሁሉ ቶን ብረት ወደፊት ሊሄድ ነው፣ ከፊቱ ቱቦ የሚጎትቱ ልጆች አሉ፣ እሱ ራሱ ጎማው ስር ነው። ለዚህ ነው ኢንተርሎክ የተደረገው፣ የእጅ ፍሬን መያዙን፣ ፓምፑ መግባቱን፣ ካምቢዮው ትክክለኛው ማርሽ ላይ መሆኑን ካላረጋገጠ ከፓነሉ ነዳጅ አያስጨምርም። እኔ ዳይሬክት ላርጋት ያልኳት ስዊች ከነዚህ አንዷን የምትመሰክር ናት። መኪናው ያን ቀን አልወጣም። ሽማግሌው ቀይ ታግ፣ ይሄ መኪና አይወጣም የሚል ምልክት፣ ሰጥቶኝ በራሴ እጅ መሪው ላይ አሳሰረኝ።

ያን ሰሞን ነው ኤፍ-3ን የተፈተንኩት፣ ወደቅኩ። ፓምፕ ፈትቼ መግጠም እችላለሁ፣ ማኅተሙ፣ ውሃና አየር እንዳያልፍ የሚዘጋው ማለቴ ነው፣ ተበልቶ እንደሆነ በድምጹ አውቃለሁ፣ የሚጠይቁኝ ግን ቁጥር ነው። ዓመታዊው የፓምፕ ምርመራ ለምሳሌ፣ በደቂቃ 1,500 ጋሎን የተባለ ፓምፕ ከጉድጓድ እየሳበ 1,500ውን በ150 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ለ20 ደቂቃ ማውጣት አለበት፣ ከዛ ያንኑ በ165 ለ5 ደቂቃ፣ ከዛ 70 በመቶውን ማለትም 1,050 ጋሎን በ200 ለ10 ደቂቃ፣ ከዛ ግማሹን በ250 ለ10 ደቂቃ። 45 ደቂቃ ሙሉ ቆመህ ጌጁን ታያለህ ትጽፋለህ፣ ትጽፋለህ። እኛ ጋ እኮ ውሃው ከወጣ ወጣ ነው፣ ማን ይለካል ብዬ ተናድጄ ነበር የምር።

ለምን እንደሚለካ የገባኝ ፈተናውን በድጋሚ አልፌ ከወራት በኋላ ነው። አንድ አሮጌ መኪና ለምርመራ መጣ፣ እሳት አጥፊዎቹ ልጆች ምንም ችግር የለበትም፣ ባለፈው ሳምንት እንኳን ቤት እሳት ላይ ሰርቶልናል ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። በደረቁ የቫክዩም ፈተና አደረግኩለት፣ ውሃ ሳይኖር አየሩን ከፓምፑ ውስጥ መጥጠህ 22 ኢንች ሜርኩሪ (የቫክዩም መለኪያ ነው) ላይ ታደርሰውና ታጠፋዋለህ፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ ከ10 ኢንች በላይ መውረድ የለበትም። የኔው 12 ወረደ። በሁለት ኢንች አለፈ! ሁለቴ ደገምኩት፣ ያው ነው።

ከተማ ውስጥ ሃይድራንት፣ መንገድ ዳር ያለው የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ፣ ላይ ሲሰኩት ውሃው በራሱ ግፊት ስለሚገባ እንዲህ አይነቷ ቀዳዳ አትታይም፣ መኪናው አንበሳ ነው። ሃይድራንት የሌለበት ገጠር ግን ከኩሬ ነው የሚሳበው፣ ፓምፕ ደግሞ ውሃ ሳብ አያደርግም፣ መጀመሪያ ፕራይመሩ ውስጡ ያለውን አየር ያወጣል፣ ከዛ የውጭው አየር ነው ውሃውን እየገፋ የሚያስገባው። አየር የሚያስገባ ነገር ካለ ውሃው አይመጣም ወይ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። የኛ ካውንቲ ደግሞ ሁለቱም አይነት ሰፈር አለው። ጆሮዬን እያስጠጋሁ ስዞር ፉጨቷን ከአንዱ ሁለት ተኩል ኢንች መውጫ ቫልቭ ላይ ሰማኋት፣ ውስጡ ያለው ማኅተም ተበልቷል። ያኔ እጄ ካላማዳሪ አማረው፣ አልዋሽም።

የልጆቹ አለቃ መጥቶ «ሁለት ኢንች ብቻ ነው እኮ፣ ማታ መኪናው ያስፈልገናል» አለኝ፣ ምትክ መኪናው ራሱ ሌላ ቦታ ተበላሽቶ ነበር፣ ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። እጄ ላብ ላብ አለው። እንግሊዝኛዬ ለክርክር አይበቃም፣ ሰርተፍኬቴ ግን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ወረቀቱ ላይ 12 ብዬ ጽፌ ስሜን ፈረምኩና ታጉን አሰርኩ። እሱም ወረቀቱን አየ፣ አንገቱን ነቅንቆ ስልክ ሊደውል ሄደ፣ ከጎረቤት ጣቢያ አንድ መኪና አመጡ። ማኅተሙ በማግስቱ ተቀየረ።

ይሄን ለጋሼ በስልክ ነገርኳቸው፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ዝም ብለው ሰምተውኝ «እና መኪናው ይሰራል?» አሉ። ይሰራል ጋሼ። «አቆምከው?» አዎ። «ደሞዝህን ቆረጡህ?» ኧረ ጨመሩልኝ እንጂ ስላቸው ሳቃቸው አልቆም አለ፣ «እኛ አስነስተን ስንበላ አንተ አቁመህ ትበላለህ በለኛ!» ከዛ ግን ትንሽ ቆይተው ስለዛች የፍሬን ስዊች እንደገና ጠየቁኝ፣ ሰውየው የሚቆመው በየትኛው ጎማ በኩል ነው ብለው።

ለጠየቃችሁኝ ልጆች፣ ኤኤስኢ ለሰርተፍኬቱ በሙያው የ2 ዓመት የስራ ልምድ ይጠይቃል፣ ትምህርት ቤት ከገባችሁ አንዱን ዓመት ይተካላችኋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ አውቶቡስም ይሁን የቆሻሻ ማንሻ መኪና የሚጠግን ጋራዥ ግቡ፣ ከቲ-4 ጀምሩ ፍሬን ታውቃላችሁ። የድሮ ማስታወሻ ከሰው ስትወስዱ ቀኑን እዩ፣ እኔ የምርመራውን ስታንዳርድ ኤንኤፍፒኤ (የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ማህበር) 1911 ብዬ በቃሌ ከያዝኩ በኋላ በ2024 እትም 1910 ውስጥ ጠቀለሉት። እኔ ያጠናሁት የያንዳንዱን ዕቃ ስራ በአማርኛ ስልኬ ላይ በድምጽ ቀድቼ መንገድ ላይ እየሰማሁ ነው፣ «ፕራይመር ማለት አየር አውጪው ነው፣ ጎቨርነር ማለት ግፊቱን ጠባቂው ነው» እያልኩ፣ ልጄ መኪና ውስጥ ስትሰማው በቃሏ ይዛዋለች፣ እኔ የረሳሁትን እሷ ታርመኛለች።

የራሴ ቲ-4 በጥቅምት ያበቃል፣ ቀጠሮ ይዣለሁ። ትናንት የልምምድ ጥያቄ ስከፍት ቴክኒሻን ኤ ስለ ፍሬን ሸራ የሆነ ነገር ሲል አገኘሁት፣ አሁንም ልክ አይመስለኝም።