«ወስጃለሁ ልጄ»

ነገሩ የሆነው በሁዳዴ ነው፤ መሀል አዲስ አበባ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ የሴቶች ሜዲካል ዋርድ ውስጥ። የሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪዎችን ለአታችመንት፣ ለተግባር ልምምድ፣ ይዤ ገብቻለሁ።

አምስት ቁጥር አልጋ ላይ የተኙት እናት ግፊታቸው አልወርድ ብሏል፤ ጠዋት 190 በ110 ነበር። አምሎዲፒን የሚባል የግፊት ክኒን በቀን አንዴ ታዞላቸዋል፤ ቻርቱ ላይ በየቀኑ 2 ሰዓት ላይ «ተሰጠ» ተብሎ ተፈርሟል። ሐኪሞቹ መጠኑን ስለመጨመር እየተነጋገሩ ነው።

ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣው ተማሪ ተራው ደረሰ። እጁን ታጠበ፣ ራሱን አስተዋወቀ፣ ግፊት ለካ። «እማማ፣ መድኃኒትዎን ወስደዋል?» አላቸው።

«ወስጃለሁ ልጄ።»

ቼክሊስቱ ላይ ሁሉንም ራይት አደረግሁለት።

ቀጥላ የገባችው ልጅ ዝግ ያለች ናት። ኮመዲኖው ላይ እስከ አፉ የሞላውን የውኃ ብርጭቆ ትንሽ አየችው። ጎንበስ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ «እናቴ፣ እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚጾሙት?»

ሴትዮዋ መጀመሪያ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። ከዚያ ለልጅቷ ብቻ፣ «እስከ ዘጠኝ። ሲስተሮቹ እንዳይቀየሙኝ ብዬ ነው» አሉና የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። አራት ክኒን።

«ወስደዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱንም አብሮ ያቀብላል። በይሉኝታ ያደጉ እናት ነጭ ጋዋን የለበሰ ልጅ ፊት «አልወሰድኩም» አይሉም። ልጅቷ የጠየቀችው የማያሳፍረውን ነው።

ክኒኑ በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ሐኪሙ ሰዓቱን ወደ ዘጠኝ አዞረው። መጠኑ አልተጨመረም፤ ግፊቱ ግን በቀናት ውስጥ እየወረደ መጣ።

በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1920 ስለ ማኅበራዊ ብልኅነት የጻፈውን አስተምሬ ነበር፤ የፋብሪካው ምርጥ መካኒክ ይህ ከጎደለው ፎርማን ሲሆን ሊወድቅ ይችላል የሚለውን። በቃሌ አውቀዋለሁ። ዓይኔ ሥር ሲሆን ግን አላወቅሁትም።

ማታ የልጅቷን የምዘና ፎርም አውጥቼ አየሁት። ከሁለት ቀን በፊት በገዛ እጄ «ከታማሚ ጋር ወሬ ታበዛለች፤ ጊዜ ታባክናለች» ብዬ ጽፌያለሁ። ከሥሩ፣ አንድ ቃል ሳትናገር፣ ፈርማለች።