የአባላት መዝገባችንን ከአክሰስ 97 እንዴት አሻገርነው?

በደብረ ብርሃን የምሠራበት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላት መዝገቡን ለረጅም ዓመታት የያዘው በአክሰስ 97 (የማይክሮሶፍት የመረጃ ቋት ፕሮግራም አሮጌ ስሪት) ነበር። ዋናው ቢሮ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ሲገዛ መዝገቡን የማሻገሩ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጠኝ። መሐል ሜዳና ሸዋ ሮቢት ያሉት ቅርንጫፎች ግን አክሰስ 2003 እና 2007 በተጫነባቸው አሮጌ ማሽኖች ይሠሩ ስለነበር፣ መዝገቡ በሦስቱም ቦታ እንዲነበብ ማድረግ ነበረብኝ። ስሙ ከመዝገቡ የጠፋ ገበሬ በማዳበሪያ ጊዜ ተሰልፎ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላልና ሥራውን በቀላሉ አላየሁትም።

ከአክሰስ 2013 ጀምሮ ያሉት ስሪቶች የ97ን ፋይል ጨርሶ አይከፍቱም፤ 2010 ግን ከፍቶ ይቀይረዋል። ስለዚህ 2010 የተጫነበት አንድ ማሽን ለመሸጋገሪያ አስቀረሁ። ከአክሰስ 2007 ጋር የመጣውን የኤሲሲዲቢ የፋይል ፎርማት አክሰስ 2003 ስለማያውቀው የአክሰስ 2002-2003ን የቀድሞ ፎርማት፣ ኤምዲቢን፣ መረጥሁ፤ ይህን አዲሶቹም አሮጌዎቹም ያነቡታል፣ ይጽፉበታልም። በአባሉ መዝገብ ውስጥ ፎቶና ሰነድ ለማያያዝ የተዘጋጀው የዓምድ ዓይነት በዚህ ፎርማት የለም፤ ቅርንጫፎቹ መዝገቡን መክፈት ካቃታቸው ግን የተያያዘው ፎቶ ለማን ይጠቅማል? ፎርሞችንና ሪፖርቶችን ደግሞ መረጃው ካለበት ፋይል ለይቼ በሌላ ፋይል አስቀመጥኋቸው፤ የአንዱ ማሽን ስሪት ሲቀየር መረጃውን መንካት እንዳያስፈልግ ነው።

ከሁሉ የከበደው የፊደሉ ጉዳይ ነበር። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ኮድ ወደሚሰጠው ዓለም አቀፍ መስፈርት) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ በ97ቱ ፋይል ውስጥ ያሉት ስሞች የላቲን ኮዶች ሲሆኑ ግዕዝ ሆነው የሚታዩት በፎንቱ አማካይነት ብቻ ነበር። አክሰስ ፋይሉን ሲቀይር ምንም የስሕተት መልእክት አያወጣም፤ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት ግን የስም ዓምዱ በሙሉ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድርድር ሆኖ ይታያል። መረጃውን ወደ ጽሑፍ ፋይል አውጥቼ፣ ለእያንዳንዱ ኮድ ተመጣጣኝ ፊደሉን የያዘ የመተኪያ ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ። አንዳንዱ ፊደል ከሁለት ኮዶች የተሠራ በመሆኑ፣ ባለ ሁለት ኮዶቹን አስቀድሞ መተካት ግድ ነው፤ ባለ አንዱ ከቀደመ ሁለተኛው ኮድ ብቻውን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከዚያ ነባሯ መዝገብ ያዥ የወረቀቱን መዝገብ እያነበቡ እኔ ከስክሪኑ አመሳከርሁ። «ልጄ፣ ይኼ ኃይሌ በብዙኃኑ ኃ ነው፤ አንተ ጋ እንዴት ነው?» እያሉ በየስሙ ያስቆሙኝ ነበር። ትክክል ነበሩ፤ ሀ፣ ሐ እና ኃ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲፈለግ አይገኝም።

የምዝገባ ቀናቱ በእኛ አቆጣጠር በጽሑፍ ዓምድ ተይዘው ነበር፤ በቅጂ ላይ ሞክሬ ካየሁ በኋላ እንደዚያው ተውኋቸው። የዓምዱ ዓይነት ወደ ቀን ሲለወጥ፣ ጥቅምት 30 በቁጥር 30/2 ስለሆነ ዋጋው ይጠፋል፤ የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር 30 የለውምና። ጳጉሜን 5 የባሰ ነው፤ 5/13 ተብሎ የተጻፈውን አክሰስ ቀንና ወሩን አገላብጦ ሜይ 13 ያደርገዋል፣ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የቁጥር ዓምዶች መክፈሉ በቅደም ተከተል ለመደርደር በቂ ሆኖልኛል።

የአባላቱ ብዛት መግጠሙን ብቻ አምኜ አላለፍሁም፤ የየቀበሌውን የመሬት ስፋት ድምር ከቅየራው በፊትና በኋላ አስተያይቻለሁ። አሁን በየወሩ መጨረሻ ሠንጠረዦቹ በዩቲኤፍ-8 (በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ) የጽሑፍ ፋይል ሆነው ይወጣሉ፤ የትኛውም ፕሮግራም ይከፍታቸዋል። ዋናው የ97 ፋይል ደግሞ ከፎንቱና ከመተኪያ ሠንጠረዡ ጋር በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ተቀምጧል፤ ያለ እነርሱ ስሞቹን መልሶ ማንበብ አይቻልም።