ለብረታ ብረት ሥራ ፕሮፎርማ ከመጠየቃችን በፊት ፋይሉን ማዘጋጀት

ከቃሊቲ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ላሜራ የሚቆርጡ፣ የሚያጥፉና የሚበይዱ ወርክሾፖች አሉ። ብዙ ሰው ለአንድ ዕቃ ከሦስቱ ፕሮፎርማ ሰብስቦ ዋጋዎቹ እጅግ ተራርቀው ሲያገኛቸው ይገረማል። እኔ እንደማየው ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሦስቱ ወርክሾፖች ዋጋ ያወጡት ለሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ነው፤ ሥዕሉ ያልተናገረውን እያንዳንዱ በራሱ ግምት ይሞላዋል፣ ጥንቁቁ ባለሙያ ደግሞ ላልገባው ነገር መጠባበቂያ ይጨምርበታል።

ለኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ የሚሆን የላሜራ ሳጥን እንውሰድ። ውፍረቱ ካልተጻፈ አንዱ በ1.5 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው በ2 ሚሊ ሜትር ያሰላል። 2 ሚሊ ሜትር የብረት ላሜራ በካሬ ሜትር 15.7 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን 1.5 ሚሊ ሜትሩ 11.8 ያህል ስለሚመዝን፣ በጥሬ ዕቃው ላይ ብቻ የሩብ ልዩነት ይመጣል። ጥቁር ላሜራ፣ ጋልቫናይዝድ ወይስ አይዝጌ ብረት መሆኑ ካልተገለጸማ ዋጋ ማወዳደሩ ትርጉም አይኖረውም።

ለመቁረጫ ማሽን የሚላከው፣ ዲ ኤክስ ኤፍ (DXF) የተባለው የመስመር ሥዕል ፋይል በእውነተኛ ልኬት፣ አንድ ለአንድ መሣል አለበት። ርዕስ፣ ፍሬምና የልኬት መስመሮች ከውስጡ ይውጡ፤ የሚቀረው ማሽኑ የሚቆርጠው መስመር ብቻ ይሁን። አንዱ በሌላው ላይ የተደረበ መስመር ማሽኑ ያንኑ ቦታ ሁለት ጊዜ እንዲቆርጥ ያደርገዋል፣ ዋጋው በመቁረጫ ርዝመት የሚሰላ ከሆነም ሂሳቡ ያብጣል። ጫፍና ጫፉ ያልተገናኘ ቅርጽም በማሽኑ ፕሮግራም እንደ ቀዳዳ ወይም እንደ ክፍል ላይታወቅ ይችላል። አሃዱ በፋይሉ ውስጥ ላይመዘገብ ስለሚችልም፣ 100 ተብሎ የተሣለው ሚሊ ሜትር ይሁን ኢንች የሚያረጋግጥ አንድ የታወቀ ልኬት በመልእክቱ ላይ መጻፍ ይገባል፤ ልዩነቱ 25.4 እጥፍ ነውና።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው መታጠፊያው ነው። ሁለቱም ጎኖቹ በውጭ በኩል 50 ሚሊ ሜትር የሆኑ፣ በ90 ዲግሪ የታጠፈ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሲዘረጋ 100 ሚሊ ሜትር አይሆንም። የውስጥ ሬዲየሱ 2 ሚሊ ሜትር፣ የመታጠፊያው ኬ ፋክተር (ሲታጠፍ የማይለጠጠውና የማይጨመቀው የላሜራው ንብርብር ከውስጥ ገጹ ያለው ርቀት፣ ለውፍረቱ ሲካፈል) 0.4 ከሆነ የተዘረጋው ርዝመት 96.4 ያህል ነው። ይህ ቁጥር ደግሞ በወርክሾፑ ማጠፊያ ማሽንና በሚጠቀምበት ዳይ (ላሜራው ተጭኖ በሚታጠፍበት ቅርጽ ማውጫ) ይለወጣል። ስለዚህ የታጠፈውን ቅርጽ በስቴፕ (STEP) ማለትም በባለ ሦስት ገጽታ ሞዴል ፋይል፣ የውጭ ልኬቶቹንና ሬዲየሱን በፒዲኤፍ ልኮ፣ የመዘርጋቱን ስሌት ለሚያጥፈው ባለሙያ መተው ይሻላል ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

ጠባብ ቶለራንስ (ከልኬቱ የሚፈቀድ ልዩነት) የሚጻፈው በሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ ነው። ለቀረው «አይሶ 2768፣ መካከለኛ» የሚለው፣ ዓለም አቀፉን የቶለራንስ ደረጃ የሚጠቅስ ማስታወሻ ይበቃል፤ በዚህ ደረጃ 600 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎን በ0.8 ሚሊ ሜትር ሊያንስ ወይም ሊበልጥ ይችላል። በፒዲኤፉ ላይ የብየዳው ቦታ፣ የቀለሙ ዓይነትና የሚፈለገው ብዛት ይጻፉ። ማሽን አዘጋጅቶ ማስጀመር ለአንድም ለሃያም ዕቃ የሚቀራረብ ጊዜ ስለሚወስድ፣ የአንዱ ዋጋ በብዛቱ ይወሰናል።

ሥዕል በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይያያዝ፤ ፎቶ ሆኖ ሲላክ ስለሚጨመቅ ትንንሾቹ ቁጥሮች ይደበዝዛሉ። ፕሮፎርማው የጥሬ ዕቃውን፣ የመቁረጡንና የማጠፉን፣ የብየዳውንና የቀለሙን ዋጋ ለያይቶ እንዲያሳይ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ መካተት አለመካተቱንም እንዲገልጽ በትሕትና መጠየቅ ተገቢ ነው። በመሀል ዲዛይኑ ከተለወጠ ደግሞ አዲሱ ፋይል በአዲስ የእትም ቁጥር ተሰይሞ ለሁሉም ወርክሾፖች በእኩል ጊዜ ይላክ፤ አንዱ የቀድሞውን ይዞ የሚያወጣው ዋጋ ከሌሎቹ ጋር አይወዳደርም።