ለአህያ ታዝኖ የጠፋው የጁራሲክ ዘመን

ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት ቦታ ከጎሐ ጽዮን ከተማ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው ሸንተረር ነበር። ከአፋፉ ወደ ታች ሲወረድ በመጀመሪያ የሚገኘው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከፈሰሰ ላቫ የተሠራው ባዛልት ሲሆን፣ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ዳይኖሰሮች በነበሩበት በጁራሲክ ዘመን የተነጠፈው፣ አንታሎ የሚባለው የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም በከተማዋ ስም የሚጠራው ጂፕሰም ያለበት ንብብር፣ ወደ ወንዙ ሲቀርቡ ደግሞ አዲግራት የሚባለው የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል። የእኔ ሥራ አንዱ ዓለት ከሌላው የሚገናኝበትን መስመር እየተከተልኩ ካርታ ላይ ማስፈርና ከመስመሩ በላይም በታችም ናሙና መውሰድ ነበር።

ባዛልቱ ከአሸዋ ድንጋዩ በሚገናኝበት አንድ ገደል ላይ መዳፌን ሳሳርፍ አውራ ጣቴ ጥቁሩን ዓለት፣ ትንሿ ጣቴ ነጣ ያለውን ነካች። በሁለቱ መካከል በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዓመታት ዓለት ሳይተዉ እንደጎደሉ ናሙናውን ለሚጭኑልኝ ባለ አህያ አዛውንት በኩራት ባስረዳቸው፣ ጥቂት አሰብ አድርገው «ታዲያ ማን ወሰደው?» አሉኝ።

ናሙናው ሁሉ በየከረጢቱ ገብቶ ስምና ቁጥር ከተጻፈበት በኋላ፣ እርሳቸው ጭነው ወደ ከተማ ወጡ፤ እኔም መለካቴን ቀጠልኩ። ማታ ስመለስ ከረጢቶቹ አፋቸው እኔ ከቋጠርኩት በተሻለ ቋጠሮ ታስሮ፣ በረንዳው ላይ በተርታ ተደርድረው ጠበቁኝ።

«አንታሎ» የተባለውን ፈትቼ አንድ ጠብታ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጣል አደረግሁበት። የኖራ ድንጋይ ቢሆን ኖሮ እየፈላ አረፋ ይደፍቅ ነበር፤ ይህኛው ግን እንደ ተቆጣ ዳኛ ዝም አለ። አሲዱ ተበላሽቶ እንዳይሆን ብዬ በኖራ የተቀባው የበረንዳው ግድግዳ ላይ ብሞክረው ግድግዳው ፈላ። (ከአከራይዋ ጋር የተነጋገርነውን እዚህ አላነሣውም።) በጥፍር መጫር የነበረበት ጂፕሰምም ጥፍሬን ሰበረው፤ የአዲግራቱ የአሸዋ ድንጋይም ከሰል መስሎ ወጣ። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ያለው ሸለቆ በአንድ ቀን ባዛልት ብቻ ሆኖ አረፈው።

በማግሥቱ አዛውንቱን ስጠይቃቸው ነገሩን አልሸሸጉኝም። «ልጄ፣ እንስሳዪቱም ነፍስ አላት እኮ። ዳገቱ ሲብስባት አራገፍኩላት፤ ድንጋይ እንደሆነ አፋፉ ላይ ሞልቷል። ቁጥሩን አላጎደልኩም፣ በየስሙም ነው የሞላሁት፤ እንዲያውም የአንተዎቹ ፍርክስክስ ያሉ ነበሩ፣ እኔ ጠንካራ ጠንካራውን መረጥኩልህ።» ባዛልት ከጂፕሰም ይልቅ እንደሚከብድ፣ አህያዪቱም በመጨረሻው መንገድ የባሰ ሸክም እንደተሸከመች ላስረዳቸው ብሞክርም፣ የጎደለው ዘመን ሲነገራቸው ባዩኝ ዓይን መልሰው አዩኝ።

አብረን ወደተራገፈበት ቦታ ብንወርድ፣ እረኞች የአንታሎንም የጎሐ ጽዮንንም ድንጋይ እየተወዳደሩ ገደል ሲያንከባልሉት ውለዋል። አማካሪዬ በስልክ ሰምተው፣ ሳቃቸው እስኪያልቅ ካስጠበቁኝ በኋላ፣ ናሙናው ከየመገናኛው እንደገና እንዲወሰድ አዘዙ።

የኪራይ ዋጋ ለመነጋገር ወደ አዛውንቱ ስመለስ፣ ባለፈው የከፈልኩትን ገንዘብ ብጠራላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱ የቅርቡ ድንጋይ ዋጋ ነው። ከታች የሚመጣውን የግድ ካልክ ግን ጨመር ታደርጋለህ።»