2,450 ዙር የሚሽከረከር ኳስ ለምን ይመታል?

የቤዝቦል ፒቸሮች፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪዎች፣ በሚሠለጥኑበት ቦታ ነው የምሠራው። ካሜራውና ራዳሩ የኔ ናቸው። በዚህ ሥራ የሚያደክመኝ የልጆቹ የቁጥር ፍቅር ነው። ኳሷ ከእጃቸው ከመውጣቷ ዞር ብለው ስክሪኑን ያያሉ። "ስንት መጣ?"

አንድ የኮሌጅ ፒቸር ነበረን፤ ፋስትቦሉ፣ ማለትም በሙሉ ፍጥነት የሚወረውራት ኳስ፣ በደቂቃ 2,450 ዙር ገደማ ይሽከረከራል። በአሜሪካው ከፍተኛ ሊግ፣ ሜጀር ሊግ፣ ውስጥ እንኳ የፋስትቦል አማካይ 2,300 አካባቢ ስለሆነ፣ ደረቱን ቢነፋ አይፈረድበትም። ጨዋታ ላይ ግን መቺዎቹ ያችኑ ኳስ ሜዳው ጥግ ድረስ ይልኩበታል።

እሱ የታየው መፍትሔ ስፒኑን፣ ማለትም የዙሩን ብዛት፣ መጨመር ነው። ጭራሽ አንድ ጓደኛው ጣቱ ላይ የሚያጣብቅ ነገር እንዲቀባ ሹክ ብሎታል። ዋና አሠልጣኛችን ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። "የተፈቀደልህ የሮዚን ዱቄት ይበቃሃል፤ ሌላውን እንዳልሰማ!" ሜጀር ሊግ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ቁጥጥሩን ሲያጠብቅ፣ ቀብቶ የተገኘ ፒቸር ከሜዳ ወጥቶ 10 ጨዋታ ይታገድ ጀመር። ያኔ የሊጉ ስፒን ወዲያው ነው የወረደው።

እኔ ከቁጥሩ ይልቅ የኳሷን አዟዟር ማየት ፈለግሁ። ባለ አራት ስፌቱ ፋስትቦል፣ ማለትም ጣቶች ስፌቱን አቋርጠው የሚይዙት፣ ወደ ኋላ መሽከርከር አለበት። እንዲህ ሲሆን ኳሷ ከኋላዋ ያለውን አየር ወደ ታች ትገፋለች፤ አየሩም መልሶ ወደ ላይ ይገፋታል። ማግነስ ኢፌክት የሚባለው ይህ ነው። ኳሷ በእርግጥ ወደ ላይ አትወጣም፤ ስበትን የሚያሸንፍ ፒቸር የለም። መውረድ ያለባትን ያህል ግን አትወርድም። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ ከፒቸሩ እስከ መቺው ያለውን 18.44 ሜትር የምትጨርሰው በ0.4 ሰከንድ ገደማ ነው። መቺው የት እንደምትደርስ ገምቶ ነው የሚሰነዝረው። ካሰበው በላይ ከመጣች ዱላው ከሥሯ ያልፋል።

ኳሷ እንደ ጥይት፣ በምትሄድበት አቅጣጫ ዙሪያ ከተሽከረከረች ግን ያ ግፊት የለም። የፈለገውን ያህል ትዙር፣ ለማግነስ አንዲት ዙር አታዋጣም።

በጥቁር ማርከር የኳሷን ወገብ ዙሪያ አሰመርኩ። ጣቶቹን መስመሩ ላይ አድርጎ ወረወረ። ስፒኑ ቀጥ ያለ ቢሆን መስመሩ እንደ አንድ ጥቁር ቀለበት ጸንቶ ይታያል። የሱ ግን ተንገዋለለ። የካሜራውን ምስል አዝግሜ ሳሳየው ሁሉም ፍንትው አለ። አውራ ጣቱ ከኳሷ ሥር ወጥቶ ጎኗ ላይ ወጥቷል። ኳሷ ልትወጣ ስትል የእጁ አንጓ ይዞራል፤ ጣቶቹ ከኋላዋ መሆናቸው ቀርቶ ጎኗን ልጠዋት ያልፋሉ። መጨረሻ የሚለቃትም መሀል ጣቱ ብቻ ነው።

ማስተካከያው ሲነገር ቀላል ነው። አውራ ጣት ወደ ሥር ይመለስ። አመልካችና መሀል ጣት ቀረብ ቀረብ ይበሉና ስፌቱን አቋርጠው ይያዙ። አንጓ ከኳሷ ጀርባ ይቆይ፤ ሁለቱም ጣቶች እኩል ይልቀቁ። ሲሠራ ግን ልጁን አበሳጨው። በቅርብ ርቀት፣ በዝግታ፣ መስመሩ እስኪረጋ ድረስ ወረወረ። ከዚያ ነው በሙሉ ኃይሉ የፈቀድንለት።

ስክሪኑ 2,400 አለ። "ቀነሰብኝ እኮ!" ብሎ አኮረፈ።

ሒሳቡን ቁጭ ብለን ሠራነው። ድሮ ከ2,450ው ለማግነስ የሚሠራው 75 በመቶው ነበር፤ 1,840 ገደማ። አሁን ከ2,400ው 95 በመቶው ይሠራል፤ 2,280 ነው። ዝም አለ፤ ገብቶታል። እኔ በበኩሌ አዲስ ፒቸር ሲመጣ የዙሩን ብዛት መጀመሪያ ላይ ባልነግረው ነው የምመርጠው። ዙሩ በአብዛኛው ከውርወራው ፍጥነት ጋር የሚሄድ፣ በቀላሉ የማይነሳ ነገር ነው። አቅጣጫው ግን በጣት ይታረማል።

በነጋታው ስላይደሩንም፣ ማለትም ከፋስትቦል ዘግየት ብላ የምትታጠፈውን ውርወራውን፣ በዚያው መንገድ ላስተካክል ብሎ መጣ። አሠልጣኙ ከለከለው። ያ የጥይት ዓይነት ስፒን ለስላይደር ይፈለጋል፤ የሚደግፋት ግፊት ስለሌለ ኳሷ ከፋስትቦሉ ይበልጥ ትወርዳለች። መቺውን የሚሸውደውም ይሄው ልዩነት ነው። ፋስትቦሉ ከተቃና ወዲህ ደግሞ የሁለቱ ልዩነት ሰፍቷል።