"እየጻፈ ነው አትረብሹት"

ቅዳሜ፣ ማታ 4 ሰአት

ዛሬ ጠዋት 2 ሰአት ላይ ላፕቶፑን ከፈትኩ፣ የልብወለዱን ፋይል ከፈትኩ፣ ያቆምኩባትን አንቀጽ አንዴ አነበብኳትና ጌም ውስጥ ገባሁ። ቀና ስል 7 ሰአት ተኩል ሆኗል። ዝናቡ ዘንቦ አባርቶ እንደገና ጀምሯል፣ በመስኮት የጅማው የጂረን ኮረብታ ራሱ አይታይም፣ ጎኔ ሻይ ቀዝቅዞ ተቀምጧል፣ መቼ እንደመጣልኝ አላስታውስም።

ጌሙ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለት ነው። መንደር እየገነባህ የምትዋጋበት የቆየ ጌም ነው፣ በፈረንጆቹ 1999 የወጣ፣ ግን በዛው በፈረንጆቹ 2015 ላይ አፍሪካውያንን ሲጨምሩበት ኢትዮጵያውያንም ገቡ፣ ሾተል የያዙ የራሳቸው ወታደሮች አሏቸው፣ ሰዎቹን ስትነካቸው ደግሞ በአማርኛ ነው የሚመልሱልህ። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ኤርፎኑን አውልቄ ዞር ብዬ አይቻለሁ፣ ከቤት ሰው የጠራኝ መስሎኝ። በጣም ነው የምወደው፣ ይሄን መደበቅ አልፈልግም። በሶስት ሰው ትጀምራለህ፣ በግ ታርዳለህ፣ እንጨት ትቆርጣለህ፣ 500 ምግብ ስታጠራቅም ወደ ሁለተኛው ዘመን ትሻገራለህ፣ ኢትዮጵያውያንን ከያዝክ ደግሞ በተሻገርክ ቁጥር 100 ምግብና 100 ወርቅ ይጨመርልሃል። ምን እንደጎደለህ ሁሌ ከላይ በቁጥር ተጽፎ ታየዋለህ። እኔ የምጽፈው ነገር ላይ ምን እንደጎደለ የሚነግረኝ ቁጥር የለም፣ አንድ ገጽ ጽፌ ወደፊት ልሂድ ወደኋላ ልመለስ የማላውቅበት ቀን ብዙ ነው።

7 ሰአት ተኩል ላይ ኤርፎኑን አውልቄ ስነሳ እናቴ በረንዳ ላይ ብይ የሚጫወቱትን የጎረቤት ልጆች ስታናግር ሰማኋት። "ቀስ በሉ እንጂ ልጆች፣ እየጻፈ ነው አትረብሹት" አለቻቸው፣ እነሱም እሺ ብለው ብያቸውን ሰብስበው ወጡ፣ በዛ ዝናብ። በሩ ጋ ቆሜ ቀረሁ። ስንት ቅዳሜ እንዲህ ብላቸው ይሆን? እኔ ፈረሰኛ እየላክሁ፣ እሷ የኪቦርዱን ድምፅ እየሰማች ልጄ እየጻፈ ነው ብላ ቤቱን ስትጠብቅልኝ።

ከሰአት ጌሙን ላጥፋው ብዬ አስቤ ነበር፣ ግን ችግሩ እሱ አይመስለኝም። የመጀመሪያውን 40 ገጽ ስጽፍም እኮ ይሄው ጌም ነበር፣ ማታ ማታ ጽፌ ስጨርስ አንድ ዙር እጫወትና እተኛ ነበር። የአጋሮን ገበያ ስጽፍ፣ ሴቶቹ እሸት ቡና ሲለቅሙ፣ ነጋዴው ጀንፈሉን፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ በእጁ ዘግኖ አሽትቶ ዋጋ ሲቀንስ፣ ይሄን ሁሉ ስጽፍ አንድም ቀን በመሀል ጌም ከፍቼ አላውቅም። አሁን ግን ሶስተኛ ሳምንቴ ነው፣ ሁሌ የምሸሸው ከአንድ ቦታ ነው፣ አያቴ የአጎቴን መርዶ ከምትሰማባት አንቀጽ።

አጎቴ በብሔራዊ ውትድርና ነው የሄደው። መጋቢት 1980 ኤርትራ ውስጥ አፋቤት ጦርነት ላይ ቀረ፣ ቤተሰቡ ግን እስከ ህዳር 1981 አላወቀም፣ አብሮት የነበረ ልጅ ነው መጥቶ ለጎረቤት የነገረው፣ ከዛ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በጠዋት መጡ። ግቢው ውስጥ ጀንፈል ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ነበር። በዛኑ ሰአት ያለጊዜው ዝናብ መጣ፣ የህዳር ዝናብ ደግሞ ለተሰጣ ቡና ምን እንደሆነ ጅማ ያደገ ሰው ያውቃል፣ የአመቱ ልፋት ነው የሚበላሸው። አያቴ አልተነሳችም። እስከዚህ ድረስ ጽፌያለሁ፣ ዝናቡ ይመጣል፣ አያቴ በርጩማዋ ላይ ናት፣ ከዛ በኋላ አንድ ቃል የለም። ከዛ ጌሙን እከፍታለሁ። እዛ አንድ ሰው ሲሞትብኝ 50 ምግብ ከፍዬ በ25 ሰከንድ ሌላ አወጣለሁ፣ የሞተው ማን እንደነበረ እንኳን አላይም። ዛሬ ስንት ሰው እንደሞተብኝ አላውቅም፣ በጣም ብዙ ነው። አጎቴን ግን አንዴም መግደል አቃተኝ፣ ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል፣ 19 አመቱ ነው፣ ከኔ በ5 አመት ያንሳል።

አመሻሹ ላይ መብራት ጠፋ። እናቴ ሻማ አብርታ ቡና አፈላች፣ ሁለታችን ብቻ ነበርን፣ ሁለተኛውን ስትቀዳልኝ ጠየቅኳት።

"እማዬ፣ የአጎቴ መርዶ የመጣ ቀን ያ ጀንፈል ምን ሆነ?"

ሲኒውን ይዛ ቆየች። "እኔ ነኛ ያነሳሁት" አለችኝ።

"ብቻሽን?"

"ማን አለ ታዲያ? ሰው ሁሉ ያለቅሳል። ዘጠኝ አመቴ ነው፣ ወንድሜ መሞቱን ሰምቻለሁ ግን ቡናው ከረጠበ እናቴ ትቆጣኛለች ብዬ እሱን ነው የፈራሁት። በቀሚሴ እያፈስኩ ወደ ቤት፣ ተመልሼ ደግሞ ማፈስ። ግማሹን አድርሻለሁ። እሷ ቁጭ ብላ ታየኛለች፣ ተይውም አላለችኝ፣ ጎበዝም አላለችኝ።" ከዛ ፍሙን ቆስቁሳ "ጠጣ እንጂ ይቀዘቅዝብሃል" አለችኝ።

እናቴን እዛ ግቢ ውስጥ አስገብቻት አላውቅም ነበር። 40 ገጽ ሙሉ የለችም። አያቴ አለች፣ አጎቴ አለ፣ ነጋዴው ሳይቀር አለ፣ እሷን ግን ልጅ ስለነበረች ይሁን በምን ረስቻታለሁ።

የላፕቶፑ ባትሪ ቀኑን ሙሉ በጌም አልቆ ስለነበር በሻማ ደብተር ላይ ጀመርኩ፣ አሁን መብራት መጥቷል ግን እዛው ደብተሩ ላይ ነኝ። ገጽ ተኩል ደርሻለሁ። እናቴ ተኝታለች። ልጅቷ የመጀመሪያውን ጀንፈል ቤት አፍስሳ፣ የረጠበ ቀሚሷን በእጇ ጨምቃ፣ ተመልሳ እየወጣች ነው።